ሳይመዘገብ የቀረ ትእዛዝ

ታቢታ ሕዝቅያስ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል የዳታቤዝ ሠራተኛ ነበረች። ክፍሏ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ስትሆን መስኮቷ የሚከፈተው ወደ ጄኔሬተሩ ነው። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ጭር ይላል፤ ቀጥሎ ጄኔሬተሩ እያጓራ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ ለመነጋገር መጮኽ ያስፈልጋል። ታቢታ በዚያ ጩኸት መሥራት ለምዳዋለች። የምትወጣው ለምሳ ብቻ ነው፤ ምሳዋንም የምትበላው ከሕፃናት ክፍል ነርስ ከሙንተሃ ጋር ነበር። ሙንተሃ የፒያሳው ጨርቅ ነጋዴ የጠሀ ልጅ ናት። ሥጋ ካልሆነ በቀር ከአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት።

ታቢታ ያደገችው ታቦር ተራራ ሥር ነው። አባቷ አቶ ሕዝቅያስ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ፤ ከሲዳሙ አፎ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ሲዳሙ አፎ። ሥራቸውን እቤት ድረስ ይዘው የሚመጡ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ተጣልተው ሲያለቅሱ እንኳ "ቆይ፣ ማን ነው ያደረገው? መቼ? ምን አደረገ?" ብለው በተራ ያስለፈልፏቸዋል። "ብርጭቆው ተሰበረ" ያለ ልጅ አይለቀቅም። "ራሱን ሰበረ? ሰባሪው ማን ነው?" ይባላል። ታቢታ ይህን እንደ ቅጣት ነበር የምታየው።

ሆስፒታሉ ሲስተም የሚለው ነገር በእርግጥ ሦስት ሲስተም ነበር። የሐኪሞችን ትእዛዝ የሚቀበለውን አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሠርቶታል። የፋርማሲውን የሠራው ልጅ ሥራውን ጨርሶ ውጭ አገር ሄዷል። የላቦራቶሪው ከመሣሪያው ጋር አብሮ የመጣ ነው። ሦስቱም መረጃቸውን የሚያስቀምጡት አንድ ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ለውጥ በማን እና መቼ እንደተደረገ የሚጻፍበት ሎግ አላቸው። ሎጉን ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚጽፈው። አንዱ ሠራተኛውን በስም፣ ሌላው በቁጥር ይጠራል። ፋርማሲው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ይጽፋል፤ ሰርቨሩ ራሱ በግሪንዊች ሰዓት ይጽፋል፤ ላቦራቶሪው በፈረንጅ። የአንድ በሽተኛ የአንድ ጠዋት ታሪክ ሎጉ ውስጥ ሲፈለግ፣ እንደተበተነ ጥራጥሬ እየለቀሙ ነው የሚገኘው።

ታቢታ ይህን ወደ አንድ መልክ ላምጣው ብላ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ባህሩ ደጋግማ አመልክታ ነበር።

"ሎግ የማሽን ነገር ነው" አላት አንድ ቀን፣ ስልኩን እያየ። "ማን ያነበዋል ብለሽ ነው? ሪፖርቶቹ ያምሩ። ቦርዱ የሚያየው ሪፖርት ነው።"

እውነቱን ነው፤ ማንም አያነበውም ነበር።

*

በዝናቡ ወራት አንድ ጠዋት፣ ሙሴ እና ካሰች የሚባሉ ባልና ሚስት ከቡሹሎ ሴት ልጃቸውን ታቅፈው መጡ። ኢየሩስ ትባላለች፤ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ሳንባዋን አሟት ትንፋሽ አጥሯታል። ዶክተር ጌታቸው አያትና ወዲያው መርፌ አዘዘላት፤ ከፔኒሲሊን ወገን የሆነ ነው። ትእዛዙን ኮምፒውተሩ ላይ ጽፎ ሲጨርስ ካሰች አንድ ነገር ተናገረች። አማርኛ ብዙ ስለማትችል ባሏ ነው የተረጎመላት።

"አምና ጤና ጣቢያ መርፌ ወግተዋት ፊቷ በሙሉ አብጦ ነበር። ለትንሽ ነው የተረፈችው። ያን መርፌ አትስጧት ነው የምትለው።"

ዶክተር ጌታቸው የመርፌውን ስም ጠየቀ። ሙሴ የጤና ጣቢያውን ካርድ ከኪሱ አውጥቶ አሳየው። ሐኪሙ አየና "ጥሩ አድርጋችሁ ነገራችሁኝ" አለ። ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ መድኃኒቱን ቀየረ፤ የማይስማማት መድኃኒት በሚለው ቦታም ጻፈበት። ከዚያ የማስቀመጫውን ቁልፍ ተጫነ።

መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩ ሳይነሳ በፊት ከማዋለጃ ክፍል ጠሩት፤ ሕፃን አልተነፍስ ብሏል። ሮጦ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስለዚያ ማስቀመጫ አላሰበም። ለምን ያስባል? ተጭኖታል።

ልጅቷ ወደ ሕፃናት ክፍል ገባች። ካሰችን ወረቀቱን ማኅተም አስመቺ ብለው ወደ ካርድ ክፍል ልከዋታል፤ ሙሴ ለእህቱ ስልክ ሊደውል ደጅ ወጥቷል። ሙንተሃ ኮምፒውተሯ ሲነሳ ትእዛዙን ከፈተች። መርፌው አለ፤ መጠኑ አለ፤ የማይስማማት መድኃኒት በሚለው ቦታ "የለም" ይላል። መርፌውን አዘጋጅታ፣ ልጅቷን "እሺ የኔ ቆንጆ፣ እንደ ጉንዳን ንክሻ ነች" እያለች አባብላ ሰጠቻት። መስጠቷንም መዘገበች።

ካሰች ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ይዛ ስትመለስ የልጇ ከንፈር አብጧል። ያን ፊት ታውቀዋለች። በሲዳሙ አፎ ጮኸች፤ ምን እንደምትል ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው የገባው አልነበረም። ሙንተሃ ሐኪም ጠራች፤ የሚሰጠው ተሰጠ፤ ደረቷን ተጫኑ። ረፋዱ ላይ ኢየሩስ ሞተች።

*

አቶ ባህሩ ኮሚቴ አቋቋመ። ታቢታን ጠርቶ "የዚያን ጠዋት ሎግ ፕሪንት አድርገሽ አምጪ" አላት። አወጣችለት፤ ብዙ ገጽ ነው። "ላስረዳዎት፤ እንዲሁ ሲነበብ ያሳስታል" ስትለው ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ። "ማንበብ እንችላለን" አለ።

ኮሚቴው ያነበበው ይህን ነው። ዶክተር ጌታቸው መድኃኒቱን መቀየሩን የሚያሳይ መስመር አለ። ነርስ ሙንተሃ መርፌውን መስጠቷን የሚያሳይ መስመር አለ፤ ከሐኪሙ በኋላ ነው። እንግዲህ አዲሱ ትእዛዝ ፊቷ ተቀምጦ አሮጌውን ሰጥታለች ማለት ነው። ከገጾቹ ወረድ ብሎ፣ ከሌሎች ቁጥሮች መካከል፣ ሰርቨሩ የጻፋት ሌላ መስመር ነበረች። ስም የላትም። ለእያንዳንዱ ለውጥ የሚሰጥ አንድ የሥራ ቁጥር፣ የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል፣ እና አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት የሚል ሰዓት። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደግሞ ልጅቷ ከሞተች በኋላ ነው። ስለዚህ ማንም ጣቱን አላሳረፈባትም።

ሙንተሃ ኮሚቴው ፊት የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ስክሪኑ ላይ የነበረውን ነው የሰጠሁት።"

"ሎጉ እንደዚያ አይልም" አሏት።

ከሥራ ታገደች፤ ፈቃዷ ተያዘ፤ ሳምንት ሳይሞላ ፖሊስ መጥቶ ወሰዳት። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰች። ዶክተር ጌታቸው ለምስክርነት ሲጠራ "ቀይሬዋለሁ" አለ። አልዋሸም። ከዚያ ቃል በኋላ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ሙንተሃን አምናለሁ የሚል ሰው ጠፋ፤ አብረዋት ያደሩ ነርሶች እንኳ ስሟ ሲነሳ ዝም ማለት ጀመሩ።

ታቢታ የኮሚቴውን ውሳኔ የሰማችው ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነው። የምግብ ዕቃዋን ሳትከፍተው ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

እሑድ ከጸሎት ስትመለስ ጠሀን ታቦር ሥር ካለው ቤታቸው በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ቤታቸውን እየጠየቀ ነው የመጣው። ሁልጊዜ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ጢሙን እንኳ አልተላጨም።

"ይግቡ እንጂ ጋሽ ጠሀ፤ ለምን ደጅ ይቆማሉ?"

"አልቀመጥም ልጄ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ማሽኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉኝ።" ድምፁ ዝቅ አለ። "ልጄ አይቻለሁ ስትል ዋሽታ ነው? ብትዋሽም ልጄ ናት። እኔ ግን ማወቅ አለብኝ። ሌሊት ሌሊት የምጸልየውን ማወቅ አለብኝ።"

"እስካሁን በደንብ አላየሁትም" አለችው።

"እይው እንግዲህ" አለ። "ስለ አላህ፣ እይው።"

*

ማየት ማለት ምን እንደሆነ ታቢታ ታውቃለች። አንድ ለውጥ ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባው በሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ይጸናል። በመካከል ከተቋረጠ የተጻፈው ሁሉ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ሐኪሙ ምንም እንዳልነካው ይሆናል። ሎጉ ሁለቱንም ይጽፋል፤ ግን አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ። ያቺን ሰዓቷ አምስት ከሃምሳ ሁለት የሆነች መስመር አገኘቻት። ግሪንዊች ነው። በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ማለት ነው። የሥራ ቁጥሯ ከዶክተር ጌታቸው ለውጥ ጋር አንድ ነው።

ለራሷ ገባት። ለማንም ሰው ግን ልታስረዳው እንደማትችልም አብሮ ገባት። ለዳኛ ቁጥር ከቁጥር እያስተያየች፣ ሰዓት እየደመረች ልታሳየው ነው? የመጀመሪያውን ወረቀት በደንብ ላላነበቡ ሰዎች ሌላ ወረቀት ይዛ ብትመጣ ማን ይሰማታል?

ስለዚህ ከዓመታት በፊት ላድርገው ያለችውን ሥራ ሳይፈቀድላት ጀመረች። ሦስቱን ሎግ እየተቀበለ በአንድ መልክ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈች። ሰዓቱን ሁሉ ወደ እኛ ሰዓት አመጣችው፤ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን አስጨመረችበት። በቁጥር የተጠራውን ሁሉ በስሙ እንዲጠራ አደረገች። የአንድ ሥራ መስመሮች የትም ተበትነው ቢሆን አንድ ላይ እንዲሰበሰቡና መጨረሻቸው እንዲታወቅ አደረገች። ከእያንዳንዱ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሥር ሰርቨሩ የጻፈው ዋናው መስመር ሳይነካ ተቀመጠ። አንድ ነገር በአንድ ቦታ "ተቀየረ" ከተባለ በሌላ ቦታ "ታረመ" እንዳይባል የቃላቱን ዝርዝር ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችው። ቀላል ይመስላል እንጂ እያንዳንዷ ቃል ጠብ ነበረባት።

የዚያን ጠዋት ገጽ መጀመሪያ ያነበበችው ለአባቷ ነው። አቶ ሕዝቅያስ ዓይናቸው ደክሟል፤ ደጅ ከጥላው ሥር ተቀምጠው ሰሟት።

"ዶክተር ጌታቸው የኢየሩስ ሙሴን መድኃኒት ቀየረ፤ ለውጡ ተሰረዘ።"

"ማን ሰረዘው?" አሉ አባቷ።

"ማንም አልሰረዘውም። በራሱ ነው።"

"ተሰረዘ ካልሽ ዳኛው የሚጠይቅሽ ማን ሰረዘው ብሎ ነው። ነርሷ ሰረዘችው ብሎ ያስባል። እንዲያውም ከፋሽባት።"

ታቢታ ደነገጠች። ለረጅም ጊዜ በቁጥር ሥር የተደበቀውን ነገር እንዲነበብ አድርጋ፣ በአንድ ቃል ጓደኛዋ ላይ ልትመሰክርባት ነበር። ወደ ውስጥ ገብታ አስተካከለችው፤ ተመልሳም አነበበችላቸው። "ለውጡ ከመጽናቱ በፊት የዶክተር ጌታቸው ኮምፒውተር ግንኙነቱ ስለተቋረጠ ሳይመዘገብ ቀርቷል። የቀድሞው ትእዛዝ እንዳለ ቆይቷል።"

አባቷ ዓረፍተ ነገሩን ለራሳቸው በሲዳሙ አፎ ደገሙት።

"ይሄ ይገባል" አሉ። "አሳዛኝ ነው እንጂ ይገባል።"

*

ገጹን ይዛ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ዶክተር ጌታቸው ነው። ቆሞ ነበር ማንበብ የጀመረው፤ ሲጨርስ ተቀምጧል።

"ተጭኜዋለሁ እኮ" አለ።

"ተጭነውታል፤ ይኸው ተጽፏል። አልጸናም።"

"እኔ ቀይሬዋለሁ ብዬ መስክሬያለሁ።"

"አዎ።"

"በኔ ቃል ነው የታሰረችው።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመዳፉ ሸፈነው። "ወደ ባህሩ እንሂድ።"

አቶ ባህሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ በኋላ የጠየቀው ስለ ሙንተሃ አልነበረም።

"ይህን አማርኛ ማን ጻፈው?"

"ፕሮግራሙ" አለች ታቢታ።

"ፕሮግራሙን ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው ይህን ያለችው አንቺ ነሽ፤ ማሽኑ አይደለም። ከነርሷ ጋር ምሳ የምትበይው አንቺ ነሽ፤ ልክ ነኝ?"

"ዋናው መስመር ከሥሩ አለ አቶ ባህሩ። ማንም ባለሙያ ማመሳከር ይችላል።"

አቶ ባህሩ በሩን ዘጋ። ሲመለስ ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ ለስላሳ ሆኗል። "ስሚኝ። ይሄ ነገር ከነርሷ ላይ ሲነሳ የት እንደሚያርፍ አስበሻል? ለሐኪሞቹ ኮምፒውተሮች ባትሪ አልገዛንም። ሲስተሙ ሳይመዘገብ ሲቀር አያስጠነቅቅም። ነገ ይህ ሆስፒታል ቢዘጋ ስንት ሰው ሥራ ያጣል? ስንት በሽተኛ የት ይሄዳል? ልጅቷ እንደሆነች አትመለስም። ፕሮግራሙን አጥፊው።"

"ሙንተሃስ?"

"ጥሩ ጠበቃ እናቆምላታለን።"

ዶክተር ጌታቸው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። "የሙንተሃን ጠበቃ እኔ አውቀዋለሁ" አለና ወጣ።

*

ታቢታ የመከላከያ ምስክር ሆና ቀረበች። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የቆሙበት ችሎት ነው፤ አቶ ሕዝቅያስም ከኋላ ወንበር መጥተው ተቀምጠው ነበር። ሙንተሃ ከስታለች። ወደ ታቢታ አላየችም፤ እጆቿን ነበር የምታየው።

ዐቃቤ ሕጉ አቶ ባህሩ የጠየቀውን ነው የጠየቀው፤ ይህ የእርስዎ ትርጉም ነው ወይስ የማሽኑ ቃል?

"ትርጉም ነው" አለች ታቢታ። "ከሥሩ ዋናው አለ። ተሳስቼ እንደሆነ የማላውቀው ሰው ይየው።"

ፍርድ ቤቱ ከዩኒቨርሲቲ ባለሙያ አስመረጠ። ዶክተር ጌታቸው ተመልሶ ቀርቦ የመጀመሪያ ቃሉን አብራራ፤ ሲያብራራም ድምፁ እየተቆረጠ ነበር። ባለሙያው ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ያቀረበው ጽሑፍ ከታቢታ ገጽ ጋር አንድ ነበር። ሙንተሃ ነጻ ተባለች።

ጠሀ ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ልጁን አቅፎ አለቀሰ። ሙንተሃ አላለቀሰችም።

ፈቃዷ ተመለሰላት፤ ወደ ሥራ ግን አልተመለሰችም። ፒያሳ በአባቷ ሱቅ ጨርቅ እየለካች መዋል ጀመረች። ታቢታ ልትጠይቃት ስትሄድ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቃ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ስሚ፣ አንድ ሆስፒታል ነርስ ይፈልጋል..."

"አልሄድም።"

"ሙንተሃ፣ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ተጽፏል፤ ተፈርዷል።"

"አንብቤዋለሁ" አለች ሙንተሃ። "ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ሁሉም ይገባል። እኔ የሰጠሁበት መስመርም ይገባል። ስሜ አለ፤ ሰዓቱ አለ፤ ሰጠች ይላል።" ጨርቁን እየጠቀለለች ቀጠለች። "አባብያት ነበር እኮ። እንደ ጉንዳን ንክሻ ነች ብያታለሁ። እሱ ሎጉ ላይ የለም።"

ደንበኛ ገባ፤ ሙንተሃ ተነሳች።

የታቢታ ኮንትራት በዚያው ሰሞን ሳይታደስ ቀረ። ሆስፒታሉ ግን ለኮምፒውተሮቹ ባትሪ ገዛ፤ የእሷንም ፕሮግራም አላጠፋውም። ፍርድ ቤቱ እንዲያዝ ስላዘዘ ነው።

*

ሙሴ ስልክ የደወለላት ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ነው። ችሎት ላይ የተነበበውን ካሰች ስላልገባት፣ መጥተሽ ታስረጂናለሽ ወይ አለ። ታቢታ ገጹን ይዛ በባጃጅ ወደ ቡሹሎ ሄደች።

ቤታቸው ከሐይቁ ራቅ ብሎ በበቆሎ ማሳ መካከል ነው። ካሰች ወንበር አውጥታ ሰጠቻት፤ ራሷ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ታቢታ በሲዳሙ አፎ ላነብላችሁ ስትል ሙሴ እጁን ዘረጋ።

"እኔ ላንብብላት" አለ። "ያን ቀንም የተረጎምኩላት እኔ ነኝ።"

በጣቱ እየተከተለ አማርኛውን ለራሱ ያነባል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ለሚስቱ በራሳቸው ቋንቋ ይነግራታል። የሐኪሙ የመጀመሪያ ትእዛዝ። ቀጥሎ ለውጡ። እዚህ ላይ ካሰች እጁን ያዘችው።

"ጽፎታል? የነገርኩትን ጽፎታል?"

"ጽፎታል።"

"የማይስማማት ብሎ?"

"ይኸው፤ የማይስማማት መድኃኒት ብሎ ስሙን ጽፏል።"

"ሰምቶኝ ነበር" አለች ካሰች። ወደ ታቢታ ዞረች። "እኔ አማርኛዬ ስላልገባው ነው ብዬ ነበር። ጮክ ብዬ ብናገር ኖሮ ስል ነው የከረምኩት። ሰምቶኝ ነበር?"

"ሰምቶሻል" አለች ታቢታ።

"ታዲያ ምን ሆነ?"

ሙሴ ቀጣዩን መስመር አነበበ። "መብራት ጠፋ" አላት።

"መብራት?"

"መብራት።"

ካሰች እንደገና እንዲያነብላት ጠየቀች። አነበበላት። ወደ በቆሎው አየች። ሙሴ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገና በአማርኛ ለታቢታ ተናገረ፤ ሚስቱ እንዳትሰማ ይመስላል።

"ነርሷን ስጠላት ነው የቆየሁት። አሁን እሷን ወሰዳችሁብኝ። ሐኪሙንም ወሰዳችሁብኝ። ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።"

ታቢታ አንገቷን ደፋች። ከጎረቤት ቤት የሕፃን ለቅሶ ተሰምቶ ጸጥ አለ።

ቆይታ ካሰች ጠየቀች። "በሌላ ሰውም እንዲህ ሆኗል? መብራት ሲጠፋ የቀረበት ሌላ አለ?"

ታቢታ ይህን ጥያቄ ስትሸሸው ነበር። ፕሮግራሙን በሎጉ ሁሉ ላይ ባስኬደችው ጊዜ "ሳይመዘገብ ቀርቷል" የሚለው በብዙ ገጾች ላይ ወጥቶ ነበር። አብዛኛው ወዲያው እንደገና ተጽፏል። አንዳንዱ ግን አልተጻፈም፤ የቀረ የደም ምርመራ፣ የቀረ የመጠን ለውጥ። ፍርድ ቤቱ ስለ አንዲት ልጅ ብቻ ጠየቀ፤ እሷም ስለ አንዲት ልጅ ብቻ መለሰች።

"አለ" አለች።

"ያውቃሉ ሰዎቹ?"

"አያውቁም።"

"ንገሯቸው" አለች ካሰች። ተቆጥታ አይደለም፤ ደክሟት ነው። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ታቢታ እስክትሄድም አልወጣችም።

ታቢታ መንገድ ዳር ባጃጅ ስትጠብቅ ለዶክተር ጌታቸው ደወለች። እሱ አሁንም እዚያው ሆስፒታል ይሠራል፤ ሎጉን የማየት መብት አለው። ሳይመዘገብ የቀረውን ሁሉ፣ ካሰች የጠየቀችውንም ነገረችው።

"የኔ በሽተኞችም ይኖሩበታል" አለ።

"ይኖሩበታል።"

"ስሞቹን አወጣለሁ። ብቻዬን ግን አልሄድም።"

አብረው ሄዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእሱ መኪና፣ ቤት እየጠየቁ። አንዳንዱ በሽተኛ ድኖ ሥራው ላይ ነበር፤ የመጡበትን ሲሰማ ስቆ ሸኛቸው። የአንድ አዛውንት ልጅ "አሁን ነው የምትነግሩን?" ብሎ ጮኸባቸውና ከግቢ አስወጣቸው። ታቦር ላይ አንዲት ሴት ስለ ሟች ባሏ የተጻፈውን ቆማ አነበበች፤ ስትጨርስ ወረቀቱ እኔ ጋ ይቅር ወይ ብላ ጠየቀች፤ ይቅር አሏት። አመስግና በሩን ዘጋች። ዶክተር ጌታቸው መኪናውን ሳያስነሳ ብዙ ቆየ። ታቢታ ቀጣዩን ስም አነበበችለት።